ስኳር ሲወርድ አይጨበጨብም

ለማከብርሽና ለምሳሳልሽ ለእትዬ፣

ከራስ ጠጉርሽ እስከ እግር ጥፍርሽ እንደምን ሰነበትሽ? ጥፍርሽን ጭምር የጠየቅሁት ለወጉ ያህል አይደለም፤ ሐኪሙ እግርሽን በየቀኑ አገላብጠሽ እዪ ብሎሽ እንደነበር ስለማውቅ ነው። ዓይንሽስ? አሁንም መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ያስቸግርሻል? እንቅልፍሽስ? ጋሼስ እንዴት ነው፣ ወገቡን ተሻለው? ልጆቹስ? ጎረቤቶቻችሁስ? ያ ጣሪያ አሁንም ያፈስሳል ወይስ ጋሼ ነገ እሠራዋለሁ እንዳለ ነው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልሽ ቆሜ እሄዳለሁ፣ እሠራለሁ፣ እበላለሁ ማለቴ ነው እንጂ ልቤስ ደህና አይደለም። ከትናንት ጀምሮ አላስቀምጥ አላስቆም ብሎኛል። ይህን ደብዳቤ እንኳ ከጀመርኩት ወዲህ ደጋግሜ ተነሥቻለሁ፤ አንዴ መስኮት ልከፍት፣ አንዴ የከፈትኩትን ልዘጋ፣ አንዴም እንዲሁ ያለ ጉዳይ።

ነገሩን ሳላድበሰብስ ከመጀመሪያው ልንገርሽ። ትናንት ስደውል ያቺ ሳትማር ሲስተር የሆነችው ልጅሽ ስልኩን አነሣችና እየተፍለቀለቀች፣ አጎቴ የምሥራች፣ እማዬ ሐሙስ ዕለት ስኳሬ ወረደ አለችን፣ ሁላችንም አጨበጨብንላት አለችኝ። እኔም ደስ ብሎኝ ስንት ገባ ብዬ ጠየቅኋት። አልለካናትም አለች። ታዲያ በምን ታወቀ ብላት፣ ራሷ ናት ያለችው፣ እጇ እየተንቀጠቀጠ፣ በላብ ተጠምቃ፣ እባካችሁ ሻይ በስኳር ስጡኝ ብላ ለመነችን፣ እኛ ግን ልባችንን አጽንተን ከለከልናት፣ በመጨረሻ ጥቂት ወተት ጠጥታ ተኛች አለችኝ። «ልባችንን አጽንተን» ያለችው ቃል እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ።

እትዬ፣ ያ የወረደው ስኳር የሚጨበጨብለት አልነበረም። ሊገድልሽ ነበር። ይኸው ተናገርኩት፤ አሁን ትንሽ ቀለለኝ፣ ግን አልተውሽም።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትዪ ይሆናል። ስልኩንማ ሞከርኩት። ለሲስተር ወዲያው፣ እናትሽ እንዲህ ስትል ስኳር ነው መስጠት እንጂ መከልከል አይደለም ብላት በሳቅ ፈነዳች። አጎቴ ተሸነፍክ በለኛ፣ ይቺን ሰበብ ደግሞ ከየት አመጣሃት አለችኝ። ቀጥሎ አንቺ መጣሽ፤ አንተ ብስኩት በናፈቀህ ቁጥር በኔ ታሳብባለህ፣ ተወኝ ባክህ ብለሽ ስለ ጎረቤት ወሬ ጀመርሽ። ዛሬ ጠዋት ደወልኩ፤ ስልክሽን ቤት ትተሽ ወጥተሻል። ለጋሼ ደወልኩ፤ እሺ እነግራታለሁ አለኝ። የጋሼን እሺ አንቺም እኔም እናውቀዋለን፤ እሺ ማለት ለእሱ ሰላምታ ነው፣ አይቆጠርም። ስለዚህ ወደናንተ የሚመጣውን ሹፌር ለምኜ ይህን ልጽፍ ተቀመጥኩ። ዓይንሽ ስለደከመ ሲስተር ጮክ ብላ ለቤቱ ሁሉ እንደምታነበው አውቃለሁ፣ የምፈልገውም ይህንኑ ነው። ስልክ አንድ ሰው ጆሮ ውስጥ ገብቶ ይቀራል፤ ደብዳቤ ግን ቤተሰቡን ሁሉ ያስቀምጣል።

እንዴት እንደጀመርን አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ልጆቹ እንዲሰሙት ግን ከሥሩ ላንሣው። እኔ ተመርምሬ ስኳር አለብህ በተባልኩ ጊዜ ደውዬ ያለቀስኩት ላንቺ ነው። አንቺ ደግሞ እንደ ማጽናናት ብለሽ ሳቅሽብኝ፤ እኔ መርፌ መውጋት ከጀመርኩ ስንት ዘመኔ፣ እንኳን ወደ ማኅበሩ በደህና መጣህ አልሽኝ። የምግብ ባለሙያዋ ዳቦውን፣ ሩዙን፣ መኮሮኒውን፣ ድንቹንና ጣፋጩን ቀንስ ስትለኝ፣ አብረን እንቀንስ ያልሽውም አንቺ ነሽ። ብቻዬን ብጀምረው እንደማልዘልቅ ገብቶሽ ነው። ከዚያ ወዲህ በየምሳው እንደዋወላለን። አንቺ እንቁላል በቆስጣ፣ ዓሣ በሰላጣ፣ ጥቅል ጎመን በሥጋ እያልሽ ስትነግሪኝ እኔ ምራቄን እየዋጥኩ እሰማለሁ። እኔ ስናገር ግን አታምኚኝም። ሰላጣ እየበላሁ ነው ስልሽ ብስኩቱ አፌ ውስጥ ሲንኮሻኮሽ ሰምተሽ፣ የምን ሰላጣ ነው ጥርስ የሚሰብር ያልሽኝን አልረሳውም። ስሜ የጠፋው ያን ቀን ነው። ዛሬ እውነት ስናገር የሚሰማኝ ያጣሁትም በዚያች ብስኩት ጦስ ነው።

በሥራ ቤቱም እንዲሁ ነበር የያዝነው። ሶፋ ቤታችንን በፎቶ አይተሽዋል፤ ጠባብ ነው፣ ማስቲሹ ይሸታል፣ የስፖንጅ ብናኝ ሻይ ውስጥ ሳይቀር ይገባል። አናጢው አጥንቱን ይሠራል፣ እኔ ሥጋውን አለብሰዋለሁ፣ ሰፊዋ ልብሱን ትሰፋለታለች። ምሳችንን ሦስታችንም ባንድ ላይ ነው የምንበላው። ሐኪም ያለኝን ስነግራቸው አናጢው ወዲያው እኔም እገባለሁ አለ፤ ሆዱ ቀድሞት በር የሚገባ ሰው ስለሆነ ማንም ለምን አላለውም። ሰፊዋ ግን ጤነኛ ናት፣ እንደ መርፌዋ ቀጭን ናት፤ እናንተ ዓይን ዓይኔን እያያችሁኝ ዳቦ ከምገምጥ ይቅርብኝ ብላ ነው የገባችው። ብቻ ከገባች በኋላ አዛዡ እሷ ሆነች። በምሳችን ላይ ፍርድ ስለምትሰጥ ዳኛ ብለን አወጣንላት። ይህ ይበላል፣ ይህ አይበላም፣ ይህ ይታሰብበታል ትላለች፤ ይግባኝ የለም።

እውነቱን ንገረኝ ካልሽኝ መጀመሪያ ላይ ሊያሳብደኝ ነበር። ዳቦ ቤት በር ላይ ሳልፍ እግሬ ሳላዘው ይታጠፋል። ስፖንጁን ስቆርጥ፣ ያ ቢጫ፣ ለስላሳ፣ ከቢላዋው ሥር ብቅ ብቅ የሚለው ነገር ትኩስ ዳቦ እየመሰለኝ አንድ ቀን አሽትቼዋለሁ፤ አናጢው አይቶኝ ቅቤ ላምጣልህ ወይ አለኝ። ግን ለመድኩት። ጠዋት እንቁላል በቲማቲምና በቃሪያ፤ ቀን አንዳችን ሥጋ፣ አንዳችን ጎመን፣ አንዳችን አቮካዶ ይዘን መጥተን እናዋህዳለን፤ ሆዴ ሲጮህ እፍኝ ኦቾሎኒ። ዳኛ አንድ ቀን አበባ ጎመን ደቃቅ አድርጋ ከትፋ፣ በዘይት አመስ አድርጋ አመጣችና ሩዝ ነው ብላችሁ ብሉ አለችን። አናጢው አንድ ማንኪያ ቀምሶ ብዙ አሰበና፣ ገባኝ፣ ይህ ማለት ከላይ ደህና እንጨት ለብሶ ከውስጥ ቺፑድ የሆነ ቁም ሳጥን ነው አለ። ሳቃችን መንገድ ድረስ ተሰማ። ግን ሳህኑን ጠርጎ የበላው እሱ ነው።

ሲደግፉኝ ደግሞ እንዲያው ዝም ብለው አልነበረም። የስኳሩን ቆርቆሮ አናጢው ገልብጦ ሚስማር ሞላበት። ዳኛ ከፊት ለፊታችን ያለውን ባለሱቅ ሄዳ አስጠነቀቀችው፤ ለዚያ ሶፋ ሠሪ ብስኩት የሸጥክ ቀን ከኔ ጋር ነው ጠብህ አለችው። ባለሱቁም ቃሉን ጠበቀ፤ ጨው ልገዛ ስሄድ እንኳ በጥርጣሬ ያየኝ ጀመር። ስለካም ቁጥሩ ዝቅ እያለ መጣ። ጤና ጣቢያ ደርሼ ስመለስ ከበር ላይ ወረደ እላለሁ፣ እነሱም ያጨበጭባሉ። ሌላው ሰው ደመወዝ ጨመረ ሲል የሚደሰተውን ያህል እኛ ወረደ ብለን እንደሰት ነበር። አንቺም በስልክ ወረደልኝ ስትይ እኔ እዚህ ብቻዬን አጨበጭባለሁ። እንግዲህ ጉዱ ከዚህ ላይ ነው። ለደስታ ያዋልነው ቃል ለአደጋም ያው እሱ ሆኖ ተገኘ።

አንድ የእንግዳ ማረፊያ ቤት ያዘዛቸው ወንበሮች ባለፈው ማክሰኞ ማለቅ ነበረባቸው። የዚያን ዕለት ስቸኩል ቁርሴን ትቼ ኪኒኔን ብቻ ውጬ ወጣሁ። እረፋዱ ላይ ጨርቅ እየወጠርኩ ሳለሁ ጉልበቴ ከዳኝ፤ ከንፈሬ ደነዘዘ፤ ሰውነቴ ውስጥ አንድ ነገር ሲንዘረዘር ይሰማኛል። ጤና ጣቢያ የነገሩኝ ትዝ አለኝና፣ ስኳሬ ወረደ መሰለኝ አልኳቸው። ዳኛ ማሽኗን አቁማ አጨበጨበች። አናጢው ጣውላውን በመዶሻ እየመታ እሰይ የኔ አንበሳ አለ። እኔ ሞኙ ደግሞ ሲያጨበጭቡልኝ አብሬ ፈገግ አልኩ። ቀጥዬ ስኳር ስጡኝ አልኩ። ዳኛ፣ እንዴ፣ ጠላት ሲሸሽ ያሳድዱታል እንጂ ያበሉታል እንዴ ብላ መልሳ ማሽኗን ረገጠች። ክፋት የለባትም እኮ። ትጠብቀኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን እነሱ ናቸው የነገሩኝ። ጨርቁን ገልብጬ፣ ውስጡን ወደ ውጭ አድርጌ በሚስማር መምታት ጀመርኩ። ይህን ሥራ ስሠራ ኖሬ ጨርቅ ገልብጬ አላውቅም። ዳኛ አይታ ምነው ዛሬ ብትለኝ፣ አንቺ አሮጌ ማሽን ዝም በይ አልኳት አሉ። እኔ! ዝንብን እንኳ እሽ ብዬ የማላውቀው! ያን ጊዜ ነው አናጢው መዶሻውን ጥሎ መጥቶ አንገቴን የነካኝ። በበረዶ ውኃ የታጠብኩ ይመስል ቀዝቅዤ ላቤ ይንጠባጠባል። ይህ ሰውዬ ደህና አይደለም፣ ስኳር አምጪ ብሎ ሲጮህ ዳኛ ቆርቆሮውን ከፈተችው፤ ሚስማር። ተሻግሮ ሱቅ ሮጠ፤ ለስላሳ ስጠኝ፣ ለሶፋ ሠሪው ነው አለ። ባለሱቁ እጁን አጣጥፎ ለእሱማ አልሸጥም፣ ቃል አለብኝ አለ። ምን ይደረግ፣ አናጢው ጠርሙሱን ነጥቆ ሮጠ፤ ባለሱቁ ሌባ ሌባ እያለ ከኋላው። ያ ሆድ ሲሮጥ አለማየቴ እስካሁን ይቆጨኛል። ባለሱቁ እኔን መሬት ላይ ወድቄ ሲያየኝ ጠርሙሱን ረሳው፤ ጭንቅላቴን ደግፎ የያዘኝ እሱ ነው አሉ።

ደግነቱ መዋጥ አላቃተኝም፤ እያጠጡኝ ቀስ በቀስ ነቃሁ። መጀመሪያ ያየሁት የዳኛን ፊት ነው፤ ሞት ይነሰኝ፣ ሞት ይነሰኝ ትላለች፣ እንባዋ አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ተንጠልጥሏል። ጤና ጣቢያ ወሰዱኝ። ነርሷ ሁሉንም ሰምታ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ፤ ምግቡን ስትቀንስ መድኃኒቱን እኛ ጋ መጥተህ አስተካከልክ ወይ? አላስተካከልኩም። ኪኒኔ ያው ዳቦ ስበላ የነበረው ኪኒን ነው። እሱ ሥራውን ይሠራል፤ የሚያወርደው ቢያጣ እኔኑ አወረደኝ። አሁን ልኩን ቀንሰውልኛል፤ ምግብ ሳልቀምስም እንዳልውጠው አስጠንቅቀውኛል። ይህን ሁሉ ያን ቀን ያልነገርኩሽ እንዳትጨነቂ ብዬ ነበር። ሐሙስ ዕለት አንቺ ላይ ሲደርስ ግን ዝም ማለቴ አንገበገበኝ።

እትዬ፣ አንቺ ደግሞ ኪኒን አይደለም፣ መርፌ ነው የምትወጊው። ዳቦውን ከተውሽ ወዲህ መርፌውን ያስተካከለልሽ ሰው አለ? ስጠይቅሽ፣ መርፌውማ እንደ ድሮው ነው፣ ምን ይሆናል ብለሽኛል። ይሆናል! ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች እንዲሉ፣ እኔ ስጀምር አንቺ ጀመርሽ፣ እዚህ ስናጨበጭብ እዚያ ተጨበጨበ። አመጋገቡ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። እግሬ መደንዘዙን ትቷል፣ እንቅልፍ ይወስደኛል፣ አንቺም ቀለለኝ ብለሻል። ተዪው አልልሽም፣ እኔም አልተውም። ብስኩት ናፍቆኝ ነው የምጽፈው የሚል ካለ ሹፌሩን ይጠይቅ፤ አጠገቤ ቁጭ ብሎ የምበላውን እያየ ነው፤ የተቀቀለ እንቁላልና ዱባ ያህል የተቆለለ ጎመን ነው።

አሁን ተነሥቼ ተመለስኩ። ሹፌሩ ምነው ወንድሜ፣ ወንበሩ ያቃጥልሃል እንዴ ይለኛል። ያቃጥለኛል። መንገድ ላይ ሴት ወይዘሮ ባየሁ ቁጥር ላብ ያላባት ይመስለኛል። ትናንት ታክሲ ውስጥ ያንቺ ዕድሜ የምትሆን ሴት እንቅልፍ ሲጥላት ቀስቅሼ እትዬ ደህና ነሽ ወይ አልኳት፤ ቦርሳዋን አጥብቃ ያዘች።

እኛ ቤት ምን እንዳደረግን ልንገራችሁ። ሕጉን ያወጣችው ዳኛ ናት። ተለክቶ ቁጥሩ ደህና ሲሆን ወረደ አይባልም፤ ልክ ገባ ነው የሚባለው፣ ስፖንጅ ወንበሩ ላይ ገጥሞ ሲቀመጥ እንደምንለው። ያኔ ይጨበጨባል። ወረደ የሚለውን ቃል የተናገረ ሰው ግን አይለካ አይጠየቅ፣ መጀመሪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ ማጠጣት ነው፣ ወሬው በኋላ። ሲሻለው ምግብ ይሰጠዋል። የማይውጥ ከሆነ፣ ራሱን ከሳተ ደግሞ አፉ ውስጥ ምንም አይጨመርም፤ አንሥቶ ወደ ሐኪም መሮጥ ብቻ። ቆርቆሮውም ሚስማሩ ተራግፎ ታጥቦ ስኳር ገብቶበታል፤ መስኮቱ ላይ ተቀምጧል፣ እኔም ሳየው አልመኘውም። ባለሱቁስ ምን ቢል ጥሩ ነው፤ ከዛሬ ጀምሮ ፊትህን አይቼ ነው የምሸጥልህ፣ ከነጣህ ለስላሳ፣ ካልነጣህ ጨው።

እንግዲህ የምለምንሽ ይህን ነው። ዛሬ ነገ ሳትዪ ደብዳቤው በደረሰሽ ማግሥት መርፌሽን ይዘሽ ሐኪም ቤት ሂጂ፤ ምን እንደምትበዪና ምን እንደተውሽ ንገሪያቸው፣ እነሱ ይወስኑ። እስከዚያ ቁርስ ሳትበዪ አትወጊ። አውቅሻለሁ፤ ልጆቹ ቁርስ ሳይበሉ አልበላም ትያለሽ፣ የወጣ እስኪገባ ትጠብቂያለሽ። አትጠብቂ። አንዴ እንኳ ቀድመሽ ብዪ።

ሰላምታዬን ላቅርብ። ለጋሼ ከወገቡ ጎንበስ ሳይል የሚቀበለው የአክብሮት ሰላምታ ይድረሰው። ጋሼ፣ አንተን የምጠይቅህ እሺ እንድትል አይደለም፤ አብረሃት እንድትሄድ ነው። ሐኪሙ ፊት ደህና ነኝ ትላለችና ሐሙስ ዕለት ያየኸውን አንተ ንገርልኝ። ታላቁ ልጅሽ፣ ከሥራ ሲገባ ሌሊትም ቢሆን እናቱ በር ላይ ቆሞ ትንፋሿን የሚያዳምጠው፣ እሱ ሰላም ይሁንልኝ፤ ለካ በቤቱ ፈሪው እሱ ብቻ አልነበረም በሉት። ለጎረቤቶቻችሁም ሰላምታ፣ እትዬ ብቻዋን ስትሆን ብቅ እያሉ ይዩልኝ።

ሲስተር፣ አንቺን መጨረሻ ያደረግሁሽ ተቀይሜሽ አይደለም። እንዳንቺ እናቱን የሚጠብቅ ልጅ የለም፤ ደግሞ የጠበቀሽው በፍቅር ነው፣ የተሳሳትሽው በቃል ነው። አይዞሽ፣ እኔም በዚያው ቃል ተሳስቼ ሲያጨበጭቡልኝ አብሬ ፈገግ ብያለሁ። አሁን ማንበቡን አቁሚ። ተነሺና ስኳር የቆለፍሽበትን ቁም ሳጥን ክፈቺ፤ ጥቂት በብልቃጥ አድርገሽ እናትሽ ራስጌ፣ በጨለማ እጇ የሚደርስበት ቦታ አስቀምጪ። ቁልፉን ለጋሼ አትስጪ፣ ይጠፋበታል፤ በሩ ላይ ይቅር። ሂጂ፣ ቀሪው መስመር ይቆይሻል።

መጣሽ? በዪ አሁን ይቺን ለእናትሽ ጆሮዋ ድረስ ቀርበሽ አንብቢላት። እትዬ፣ እናትና አባታችን ከሄዱ ወዲህ ጩጬ ብሎ የሚጠራኝ ሰው ካንቺ በቀር አልቀረኝም። ጠጉሬ ሸብቷል፣ ግን ጩጬነቴን አልጠገብኩትም።

ያንቺው ጩጬ

ከሶፋ ቤቱ ጀርባ ካለችው ክፍሌ፣ ሹፌሩ ሞተር አስነሥቶ እየጠበቀኝ
እሑድ፣ ኅዳር ፲፩ ቀን